ባለ ነጭ መስመሩ ሽቦ

"አጥፊው! አጥፊው እባክሽ!" አለ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ በሁለት እጁ ጆሮውን ይዞ።

ሴት ልጁ ቁልፉን ዘጋችው። ሙዚቃው ቢቆምም ሳቁ አልቆመም። በስፖርት አዳራሹ ወለል ላይ ምንጣፋቸውን ዘርግተው የሚጠብቁት እናቶች ናቸው የሚስቁት።

"ይሄ ሙዚቃ ቁርስ ሳይበላ ነው እንዴ የመጣው? ሆዱ ባዶ ነው እኮ!" አሉ አንደኛዋ፣ የጫማቸውን ክር እያሰሩ።

እውነታቸውን ነው። ዘፋኙ ይሰማል፤ ከበሮው ግን የለም። ከበሮ ከሌለ ደግሞ እነዚህ እናቶች በምን ምት እግራቸውን ያነሣሉ?

አሠልጣኟ ተጨነቀች። "ጋሼ፣ ዛሬ የመጀመሪያ ቀናችን ነው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልተስተካከለ ሌላ ባለሙያ ልጠራ ነው፤ አይቀየሙኝ።"

"የስፒከሩ ሳጥን ነው የተበላሸው። ከነካርቶኑ ይመለስ!" አለ አባት።

 ልጅቱ ሙያውን በቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምራ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ መሰላል ስትይዝለት ነው የኖረችው። "እሺ፣ ይሄኛው አዳራሽ ያንቺ ሥራ ይሁን" ያላት በስንት ልመና ነው። ዛሬ ከከሸፈ ሁለተኛ ማን ያምናታል?

የግራውን ስፒከር ለብቻው አስጮኸች፤ ከበሮው ድም ድም አለ። የቀኙን ለብቻው፤ እሱም ድም ድም። ሁለቱን አንድ ላይ ስትከፍት ከበሮው ድራሹ ጠፋ።

"አባዬ፣ ሳጥኖቹስ ደህና ናቸው። ተጣልተው ነው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ከበሮውን ያጠፋፉታል። የባትሪ ድንጋይ አለህ?"

"ኧረ ተይ እናቴ! እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ..."

"አለህ ወይስ የለህም?"

ጫማቸውን ሲያስሩ የነበሩት እናት ብድግ ብለው የግድግዳውን ሰዓት አወረዱና ድንጋዩን መዥረጥ አደረጉት። "እንኪ ልጄ። ሰዓቱ ሲቆም አሠልጣኛችንም አትቸኩልብንም!"

ልጅቱ መሰላል ላይ ወጥታ የሳጥኖቹን መሸፈኛ አነሣች፤ ወርዳም ሽቦዎቹን ከድምፅ ማጉያው ከአምፕሊፋየሩ ነቀለች። በየተራ ቀዩ ማሰሪያ ላይ የነበረውን ጫፍ ከድንጋዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ላይ የነበረውን ከኔጌቲቩ አነካካች። የቀኙ ስፒከር ወረቀት ቀጭ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። የግራው ወደ ውስጥ ገባ።

"አባዬ፣ የግራውን እዚህ ታች ስታስር ቀዩ ላይ የቱን ሽቦ አስገባህ?"

"ባለ ነጭ መስመሩን ነዋ! ምልክት ያለበት ፖዘቲቭ ነው፤ የወትሮ ደንቤ ነው።"

"እኔ ደግሞ ላይ ስፒከሩ ጋ ባለ ነጩን ጥቁሩ ላይ አሰርኩት። እኛን ኔጌቲቭ ነው ብለው ነው ያስተማሩን።"

"የቀኙስ?"

"የቀኙን ሁለቱንም ጫፍ እኔ ነኝ ያሰርኩት፤ አንተ ከእናቶች ጋር ስትጫወት።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የሁለቱም ደንብ ጥፋት አልነበረውም፤ ጥፋቱ አንድ ሽቦ ላይ መገናኘታቸው ነው። አባት ራሱም ሳቁ አመለጠው። ተንበርክኮ የቀኙን እንደነበረ፣ የግራውን ሁለት ጫፎች ግን አቀያይሮ አሰረና "በይ ክፈቺው" አላት።

ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ የመስኮቱ መስታወት ዘመረ። እናቶች አሠልጣኟን ሳይጠብቁ እግራቸውን ማንሣት ጀመሩ፤ አንዷማ አባትን በክንዱ ይዘው ሰልፉ ውስጥ ከተቱት።

አሠልጣኟ በጩኸቱ መሀል ጠጋ አለችው። "ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ፎቅ ላይ ያለውንም ክፍል መቼ ይሠሩልኛል?"

 አባት ላቡን ጠረገና በአገጩ ወደ ልጁ አመለከተ።

"ባለሙያዋን ጠይቂያት" አለ። "እኔ እሷ ና ባለችኝ ቀን እመጣለሁ።"