እሁዴን ያስለቀቅኩበት ሩጫ

አክስቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት አላት። ከታች ማሽኖቹና የመተኮሻ ጠረጴዛዎቹ፣ ከላይ እኔና እሷ። እኔ ተኳሽ ነኝ፤ አንሶላ ማለቴ ነው። ሦስት ሆቴሎች ቅዳሜ ማታ ያንሶላቸውን ክምር አምጥተው ይጥሉብናል፣ ሰኞ በጠዋት ተጣጥፎ ይፈልጉታል። ስለዚህ ሌላው ሰው እሁድ ተኝቶ ሲያረፍድ እኔ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በእንፋሎት እቀቀላለሁ።

አምና አንድ እሁድ በመስኮታችን ሥር የማራቶን ሯጮች አለፉ። እኔ ካውያ ይዤ ቆሜያለሁ። አንዲት ከአክስቴ የምትወፍር፣ ፊቷ ቲማቲም የመሰለ ሴትዮ እየሳቀች አለፈች። እሷን እያየሁ የሆቴሉን አንሶላ አቃጠልኩ። የዚያን ቀን ቆረጥኩ።

ለአክስቴ የነገርኳት ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ መመዝገብ ስችል ነው። የትራስ ልብስ እያጠፈች ነበር፣ ቀና እንኳን አላለችም።

"ማራቶን ልሮጥ ነው እቴቴ።"

"ማን አባሮሽ?"

"ማንም። በራሴ።"

"ስንት ነው እሱ?"

"አርባ ሁለት ኪሎሜትር ከትንሽ።"

"ትንሿ ስንት ናት?"

"መቶ ዘጠና አምስት ሜትር።"

"እሷን ሩጪና ነይ። አርባ ሁለቱን ለባለቤቶቹ ተዪላቸው።"

አልተናደድኩም። አክስቴ ሰው ስትወድ የምትናገረው እንደዚህ ነው፤ ስትጠላ ዝም ትላለች። ረጅሙን ልምምድ የምሮጥበት የእሁድ ጠዋት እንደሚያስፈልገኝ፣ ለዚህም አራት ወር እሁድ እሁድ እንድትለቀኝ ነገርኳት። ያኔ ነው ቀና ያለችው። ትንሽ አሰበችና የሥራ ማዘዣ የምንጽፍበትን ሰሌዳ በአገጯ አሳየችኝ።

"አራቱን ወር እለቅሻለሁ፣ ግን በስንት ሰዓት እንደምትጨርሺ እዚያ ጻፊ። ባልሽው ሰዓት ከገባሽ እሁድ ለዘለቄታው ያንቺ ነው፣ ለጠረጴዛሽ ሰው እቀጥራለሁ። ካልገባሽ ግን ጫማሽን ሰቅለሽ እሁድ ጠዋት እዚህ አገኝሻለሁ። ሁለተኛ የሩጫ ወሬ እንዳልሰማ።"

"በምላሴ ልትይዢኝ ነው?"

"በምን ልያዝሽ ታዲያ? ከእሱ የሚረዝም ነገር የለሽም።"

ከጎናችን የሚተኩሱት ጋሼ ካውያ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ስማቸው ሌላ ነው፣ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ከካውያ ስላልተለዩ ደንበኛው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። በወጣትነታቸው አንዴ ማራቶን ጀምረው ነበር። "ሠላሳ ሁለተኛው ኪሎሜትር ላይ ቁጭ አልኩ" ይላሉ፤ "እስካሁን የተነሳሁ አይመስለኝም።"

አሠልጣኝ ያልኩት እሳቸውን ነው። ምን ላድርግ፣ ሌላ አልነበረኝም።

"ስሚ" አሉኝ፣ "ሯጭ ሦስት ግብ ይያዝ። አንደኛው መጨረስ ነው፤ ለእግርሽ። ሁለተኛው ለሰው የምትናገሪው። ሦስተኛው ለማንም የማትናገሪው፣ ቀኑ ከቀናሽ ብቻ የምታወጪው።"

"የእርስዎ ሦስተኛው ምን ነበር?"

"እሱን ነው ለሁሉም ያወራሁት።"

ሁለተኛውን ግብ ለማወቅ አንድ ኪሎሜትር በስንት ደቂቃ እንደምሮጥ ማወቅ ነበረብኝ። ስልኬ ደግሞ ርቀት የሚቆጥር ዓይነት አይደለም፣ መደወሉንም አንዳንዴ ይረሳዋል። ስለዚህ የጓሮውን የልብስ ማስጫ ገመድ ፈታን። ሲገዛ ማሸጊያው ላይ ሃምሳ ሜትር ይል ነበር። አንዱን ጫፍ ጋሼ ካውያ ይዘው፣ ሌላውን እኔ፣ ከበራችን ተነስተን በመጋዘኖቹ ጀርባ ሃያ ጊዜ ዘረጋነው። ሃያኛው የአውቶቡስ ማደሪያው አጥር ላይ አለቀ። በልብስ ጠመኔ አጥሩ ላይ አሰመርኩ። ይሄ የኔ ኪሎሜትር ነው።

ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ ማባዛትና ማካፈል ግን ይዤ ነው የወጣሁት። አንድ ወር ከሮጥኩ በኋላ ኪሎሜትሩን ሳልጣደፍ በስድስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ወጣሁት። በአርባ ሁለት ከትንሽ አባዛሁ፣ ለውሃ መጠጫ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨመርኩ፣ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ አራት ሰዓት ተኩል።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ አጭር አጭሩን፣ እሁድ ረጅሙን። አሥራ ስድስት፣ ሃያ፣ ሃያ አራት። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር ጠቆረና ወደቀ፣ በሳሙና ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩት። የአውቶቡስ ማደሪያው ዘበኛ መጀመሪያ "ምን ጠፍቶሽ ነው?" ይለኝ ነበር፣ ኋላ ላይ ስመላለስ መቁጠር ጀመረ፤ ዙር ስሰርቅ ያጋልጠኛል። ሠላሳ የሮጥኩ ቀን ደረጃውን በቂጤ ነው የወጣሁት። አክስቴ ከላይ ቆማ እያየችኝ፣ "ሯጯ መጣች" አለች። የሞቀ ውሃ በባልዲ አዘጋጅታ ነበር፤ ለእኔ እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አክስቴ አዲስ ገመድ ገዛች፤ አሮጌው ነትቦ ነበር። አዲሱም ሃምሳ ሜትር ነው። ጋሼ ካውያ አሮጌውን ፈትተው ጓሮ ውስጥ ከአዲሱ ጎን ዘረጉት። አዲሱ አለቀ፣ አሮጌው ግን ቀጠለ። ሦስት ሜትር ሙሉ ተርፎ መሬት ላይ ተጋድሟል።

ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ለካ ስምንት ዓመት እርጥብ አንሶላ የተሸከመ ገመድ ይረዝማል። በየቀኑ የምናሰጣበት እኛ፣ ይሄ አንድም ቀን አልታየንም።

ቶሎ ብዬ ድምፄን አውጥቼ አሰላሁት። እያንዳንዱ ኪሎሜትሬ ስልሳ ሜትር ትርፍ ነበረው። ሠላሳ ነው ያልኩት ሠላሳ ሁለት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዚያው አካሄዴ ውሃ ለመጠጣት ሳልቆም ከሮጥኩ በአራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ እጨርሳለሁ ማለት ነው።

ጋሼ ካውያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "አፍሽን ዝጊ" አሉኝ። "አራት ተኩል ኪስሽ ገባ። ትርፉን ለራስሽ ያዢው።"

አክስቴ ግን ሒሳብ የምትሠራው ከእኔ ቀድማ ነው። "ሰሌዳው ላይ ያለው እንዳለ ነው" አለች፤ "ያልሽውን ብለሻል። እኔ ቃሌን አላጥፍም።"

ዝም ብል የሚቆጣኝ አልነበረም። እሁዱ በእጄ ነው። ግን በተለጠጠ ገመድ የተገኘ እሁድ ጠዋት ላይ ምን ብዬ ነው የምነሳበት? ደግሞ አክስቴን አውቃታለሁ፤ በየእሁዱ ገመዱን ታነሳብኛለች፣ ሰማንያ ዓመት እስኪሞላት። ገባሁና አራት ተኩሉን በክንዴ አጠፋሁት። አራት ሰዓት ከአሥር ብዬ ጻፍኩ።

"አራት ከአሥራ ሁለት አይደል ያልሽው?" አለች አክስቴ።

"እሱ በልምምድ ነው። የዚያን ቀን ሰው ያየኛል።"

ጋሼ ካውያ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

የውድድሩ ቀን እየተጋፋሁ ከፊተኞቹ መሐል ቆምኩ። ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ስቀድም ደስ አለኝ። አንድ ባለ ነጭ ቆብ ስቀድም፣ ሁለት ወንድማማቾች ስቀድም፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር ኪሎሜትር ከልኬ በላይ በረርኩ። ሃያ አምስተኛው ላይ ባለ ነጭ ቆቡ ቀደመኝ። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ጋሼ ካውያ ለምን ቁጭ እንዳሉ ገባኝ። ባቴ ድንጋይ ሆነ፣ ጭኔ የራሴ አልመስል አለኝ። መንገዱ ዳር አንድ ባዶ ወንበር ነበር፣ ማን እንዳስቀመጠው እንጃ፤ ከወንበሩ ጋር ተያየን። አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ ሁለቱንም ልጥላቸው ነው፣ እሁዱንም አፌንም።

ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ሰዓት አየሁ። የቀረኝ ስድስት ኪሎሜትር ከትንሽ፣ ያለኝ ሠላሳ ሰባት ደቂቃ። ስድስት ኪሎሜትር ሲባል ተራራ ሆነብኝ። ከዚያ ወደማውቀው ሥራ መነዘርኩት። እኔ አንድ አንሶላ በሦስት ደቂቃ ነው የምተኩሰው፤ ኪሎሜትሩ ሁለት አንሶላ ነው። አሥራ ሁለት አንሶላና አንድ የትራስ ልብስ ቀርቶኛል ማለት ነው። ይሄማ እሁድ ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ የምጨርሰው ነው።

አንደኛውን ዘረጋሁ። አንሶላ ሲተኮስ አይቸኮልም፣ አይቆምም፤ ከቆምሽ ይቃጠላል። አራተኛው ላይ ባለ ነጭ ቆቡን መልሼ ቀደምኩት። ሰባተኛው ላይ አለቀስኩ መሰለኝ፣ ላብም ሊሆን ይችላል። አሥራ ሁለተኛውን ሳጥፍ ከፊት የሰዓቱ ቁጥር ታየኝ። የትራስ ልብሷን እንዴት እንደጨረስኳት አላውቅም።

አራት ሰዓት፣ ዘጠኝ ደቂቃ፣ አርባ አንድ ሰከንድ።

አክስቴ ከአጥሩ ማዶ በሥራ ሽርጧ ቆማለች። ጋሼ ካውያ አጠገቧ ተቀምጠዋል፣ እግራቸው የሮጠ ይመስል ያሹታል።

"አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ተርፎሻል" አለች አክስቴ።

"ለአንቺ ነው፣ ያዢው።"

ሳቀች። ከዚያ ፊቷን አዞረችና ለረጅም ጊዜ አፍንጫዋን ጠረገች።

በሚቀጥለው እሁድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደ ልማዷ ከታች "አንቺ" ብላ ተጣራች፣ ወዲያው ውላችን ትዝ አላት መሰለኝ መጥራቱን ተወችው። ቢሆንም ተነሳሁ፤ ሰውነቴ መተኛት አያውቅበትም። ጫማዬን አስሬ በደረጃው ወረድኩ። የተቀጠረችው ሴት የሚመጣው እሁድ ነው የምትጀምረው፣ ስለዚህ ጠረጴዛዬ ላይ አክስቴ ራሷ ቆማ እየተኮሰች ነበር። ጥግ ጥጉን አጨማድዳዋለች። ምላሴን ነከስኩ።

"ስንት ልትሮጪ ነው?" አለችኝ ሳትዞር።

"አላውቅም። ደስ እስካለኝ።"

"ሰዓትስ?"

"ዛሬ የለም።"

"በሩን ዝጊው በይ፣ እንፋሎቱ ይወጣል።"

ዘጋሁትና ከአውቶቡስ ማደሪያው በተቃራኒ፣ ገመድ ዘርግቼበት ወደማላውቀው በኩል ሮጥኩ።