የአናጢው ቀጤ ነክ መስመር

አናጢው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በር፣ መስኮትና ቁም ሣጥን ሲሠራ ከኖረ በኋላ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ “መጥተህ አስተምርልን” አለው። ደስታው ግን ብዙም አልቆየም። ለመቀጠር፣ በወጣትነቱ ያቋረጠውን የአሥረኛ ክፍል ፈተና ማለፍ ነበረበት። ከሁሉም የፈራው ሒሳብን ነው።

የሒሳብ መምህር የሆነችው ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወርክሾፑ እየመጣች ታስጠናው ጀመር። ቀጤ ነክ መስመሮች ላይ ሲደርሱ ግን ነገር ተበላሸ።

“በነጥብ (4, 3) የሚያልፍና ለ y = 2x + 1 ቀጤ ነክ የሆነ መስመር ፈልግ” አለችው።

ላብ እስኪያጠምቀው ታገለ። “ስሎፑ… ሁለት?”

“አባዬ፣ ስንቴ ልንገርህ! ገልብጠው፣ ምልክቱን ቀይር! የልጆች ጥያቄ እኮ ነው!”

እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። “ልክ ነሽ፣ የልጆች ነው። የእኔ ጊዜ አልፏል” አለና ጀርባውን ሰጥቷት ጣውላ መላግ ያዘ።

ትምህርት ቤት ለሰው ልጅ የማትነፍገውን ትዕግሥት ለአባቷ መንፈጓ ከነከናት።

“ይቅር በለኝ” አለችው። “ሸምድድ አልኩህ እንጂ ለምን እንደሚገለበጥ መቼ አስረዳሁህ?”

“እሱማ እውነትሽን ነው። ለምንድን ነው?”

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የማዕዘን መለኪያ ስኳድራ አውርዳ ባለ ካሬው ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጋ አጋደመችው። “ይሄኛው ክንድ አንድ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሁለት ይወጣል። ያኛውስ?”

በጣቱ ካሬዎቹን ቆጠረ። “ሁለት ወደ ቀኝ ሲሄድ… አንድ ይወርዳል። እንዴ! ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋወጡ! ኔጌቲቩም የመጣው ስለሚወርድ ነዋ!”

“ታዲያስ! ስሎፑ?”

“ኔጌቲቭ አንድ ሁለተኛ!”

“ዋይ አክሲስን የት ይቆርጠዋል?”

“x አራት ሲሆን ኔጌቲቭ ሁለት ይወጣል። ሦስት እንዲሆን… አምስት ልጨምርበት።” ጣውላው ላይ በትልቁ y = -½x + 5 ብሎ ጻፈ። “አንቺ ልጅ፣ ይሄን በየቀኑ ስሠራው ኖሬ ነው ለካ!”

በፈተናው ቀን ክፍል ሲገባ፣ ተፈታኞቹ ፈታኙ መስሏቸው ብድግ አሉለት። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። በሒሳብ ከመቶው ሃምሳ ስምንት አመጣ፤ አለፈ።

ሥራ በሚጀምርበት ቀን ዋዜማ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ ልጁ ጋ ደወለ።

“ክራባት ይደረጋል እንዴ?”

“ኧረ በፈጠረህ አባዬ፣ የኤሌክትሪክ መጋዙ በክራባትህ ይጎትትሃል!” አለችው።