በሩን ከፍቶ በአራት ኖት

«ለመላው የመርከቧ ሠራተኞች! ከዛሬ እሑድ ጀምሮ ላልተወሰነ ጊዜ፣ ለአንድ ቋሊማ የሚፈቀደው ካቻፕ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ መሆኑን በጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን።»

ማስታወቂያውን በመመገቢያው በር ላይ የለጠፈው ወጥ ሠሪው ዳዛ ነው። የምክትል አዛዡን የኮሊን ዋረንደርን ቦርሳ ያሰናዳውም እሱ ነው። ኮሊን ዛሬ በሚጨርሰው የሰርጓጅ መርከብ አዛዥነት ፈተና የመጨረሻ ቀን ላይ ልማዱ እንዲህ ነው፦ የወደቀ ሰው ቦርሳውንና አንድ ጠርሙስ ውስኪ ይቀበልና በጀልባ ይሸኛል፤ ከዚያ ወዲያ ሰርጓጅ ላይ ሥራ የለውም።

ከሮኪንግሃም ወደብ ማዶ ባለው ባሕር ላይ፣ ኮሊን ለፈተናው «እንዲመታው» የታዘዘው ፍሪጌት የተባለ የጦር መርከብ በቀጥታ ወደ እነሱ ይመጣ ነበር። ኮሊን በአራት ኖት የዝግታ ፍጥነት እየተጓዘ የቶርፒዶ መተኮሻውን ቱቦ የውጭ በር ቀድሞ አስከፈተ። ይሄኔ ፍሪጌቱ ዞሮ መራቅ ጀመረ።

«ዒላማህ እየሄደልህ ነው» አለ ፈታኙ ቤግ። «ምን አሰብክ?»

በሩ ተከፍቶ ቢሮጡ፣ ውሃው የቱቦው አፍ ላይ የባዶ ጠርሙስ ፉጨት ያሰማል፤ ደግሞም መርከቧን ይጎትታታል፣ የልቧን አትሮጥም። ዘግተው አሳደው መልሰው ቢከፍቱ ደግሞ በበሩ ድምፅ ሁለት ጊዜ የፍሪጌቱን ጆሮ ማንኳኳት ነው።

«እዚሁ በአራት ኖት እንቆያለን።»

«በሩ እንደተከፈተ?»

«እንደተከፈተ።»

ሻይ ይዞ የገባው ዳዛ ጎንበስ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ቦርሳዎን ልዝጋው? ወይስ የቀረ ካልሲ አለ?» አለው።

«ካቻፕህን ቁጠር።»

ኮሊን ሰዓቱን አየ፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። እዚያ ፍሪጌት ላይ ሁለት ዓመት አገልግሏል። እሑድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ የጥብስ ምድጃው ወደ መርከቡ ኋለኛ መድረክ ይወጣል። አዛዣቸው ጭስ ፊቱ ላይ ሲመጣ አይወድም፤ ነፋሱ እስኪስማማው መርከቡን ያዞራል። በዛሬው ነፋስ የሚያዞረው ወደዚህ ነው።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ቤግ ወደተዘጋጀው የውስኪ ጠርሙስ አየት አደረገ። የውሃ ውስጥ ድምፅ አዳማጯ ኒኮል ታፕሰል ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገች።

«ዞረ! ጌታዬ፣ ወደ እኛ ነው! ቀስ እያለ እየመጣ ነው።»

ኮሊን እስኪቀርብ ጠበቀና በቶርፒዶ ፈንታ ለልምምድ የሚተኮሰውን ውሃ አስለቀቀ። መተኮሱን የሚያሳውቀው አረንጓዴ የምልክት ጭስ ከባሕሩ ወጣ። በፔሪስኮፑ ሲያይ፣ አንድ ሽርጥ ያሰረ መርከበኛ የጥብስ ጉጠቱን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ቤግ ተራውን ለማየት ሲጠጋ ኮሊን ጥብሱን እንዳያይበት ፔሪስኮፑን ወደ ታች አወረደው።

«አልፈሃል» አለ ቤግ። «እንደሚመለስ ግን በምን አወቅክ?»

«አልናገርም፣ ጌታዬ።»

«ትእዛዝ ነው፣ ኮሊን።»

«አልናገርም።»