የየሺ ጠጉር

ታንጉት የትንሿን ልጇን ሳል ሰምታ ወደ ጓሮ ስትሮጥ፣ የስምንት ዓመቷ የሺ የእህቷን ራስ በነጠላ ሸፍና በገል ላይ ባለ ፍም አስጎንብሳታለች። ፍሙ ላይ በርበሬ ይጨሳል።

«ተናገሪ! ዳግመኛ አልተኛም በይ!» ትላለች የሺ።

ታንጉት ትንሿን መንጥቃ አወጣችና እጇን በየሺ ላይ አነሳች። የሺ አልሸሸችም፤ አላለቀሰችምም። ነጠላውን አንስታ በገዛ ራሷ ላይ ጣለችና ወደ ጭሱ ጎንበስ አለች። የታንጉት እጅ እንደተሰቀለ ቀረ። ገሉን ደፍታ ልጅቱን እቅፏ ውስጥ አስገባቻት።

«ማነው እንዲህ የሚያደርግሽ?»

«አማቴ። ስፈጭ እንቅልፍ ሲወስደኝ። አሁን ግን አልተኛም፣ እምዬ።»

የሺ አማቶቿ ቤት አድጋ ሚስት እንድትሆን ተድራ ወደ ወገዳ ከሄደች ዓመት አልፏታል። ለፋሲካ ወደ እስቴ ስትመለስ ያች ሳቂታ ልጅ አልነበረችም። መኝታዋ ላይ ትሸናለች፤ ዳቦ ከአጎዛው ሥር ትደብቃለች፤ ሰው እጁን ሲያነሳ ዓይኗን ትጨፍናለች። ጎረቤቱ «ቡዳ በልቷታል» ብሎ ፈረደ፤ ታንጉትም ሰሞኑን ጠበል አስጠመቀቻት። ምስኪን ቡዳ፤ የሰው እጅ የሠራውን ሁሉ እሱ ይሸከማል።

ማታ ለባሏ ለደምሌ ነገረችው። ደምሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መሐላ ግን ይፈራል።

«ጭስማ እኔንም አንቺንም አሳድጎን የለ?» አለ። «ደግሞስ በሽማግሌ ፊት ‹ኃይለ ሥላሴ ይሙት› ብዬ የማልሁትን ምን ላድርገው? ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ነገ አያ ታፈረ ሊወስዳት ይመጣል።»

«እኔን አላሳደገኝም» አለች ታንጉት። «እስከ ዛሬ በርበሬ ሲታመስ ከቤት የምወጣው ለምን ይመስልሃል?»

ደምሌ እሳቱን ቆሰቆሰ።

በማግስቱ የየሺ ባል አባት፣ አያ ታፈረ፣ በቅሎ ስቦ መጣና ደጅ ካለው መደብ ላይ ተቀመጠ።

«በይ ምራታችንን አውጭልን፤ ፀሐዩ ሳይጠነክር» አለ።

ታንጉት የሺን በሩ ላይ በጉልበቶቿ መሐል አስቀመጠቻት። ወደ ባሏ ቤት የምትመለስ ሙሽራ ጠጉሯ ተሠርቶ ቅቤ ይቀባል፤ ቅቤውም ቀርቧል። ያላገባች ልጅ መሐል አናቷን ሳዱላ ትላጫለች፤ የየሺ ግን ከሰርጓ ወዲህ እንዲያድግ ተትቶ ጆሮዋን አልፏል። ታንጉት ጣቶቿን ሰደደችበት። ከዚያ ቅቤውን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና ምላጭ አነሳች።

«እምዬ፣ ምን ልታደርጊኝ ነው?»

«ሳዱላ ልላጭሽ። እንደ ድሮሽ።»

ታፈረ ከመደቡ ተነሳ። «ኧረ አንቺ ሴትዮ! ባል አላት እኮ!»

«እዚህ ቤት የሰው ሚስት የለችም፣ አያ ታፈረ። ያለችው ልጅ ናት። በቅሎዎን ይመልሱ።»

ታፈረ ወደ ደምሌ ዞረ። ደምሌ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ከዚያ ለጥሎሽ የመጣችውን ጊደር ፈትቶ ሊመልስለት ወደ በረቱ ሄደ።

ምላጩ ሲቀርብ የሺ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጉልበቴን ያዢ» አለቻት እናቷ።

የሺ ያዘች። የመጀመሪያው ጠጉር ጭኗ ላይ ሲወድቅ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችው።