ተራዋን የማትጠብቅ ልጅ

የሰው ልጅ ጉድ ሲሆን ኤሴታ አፏን አትገታም። ያን ዕለት በደሴታችን ትምህርት ቤት በረንዳ ላይ፣ ከነርሷና ልጆችን ለመመርመር ከኒውዚላንድ ከመጣችው ሐኪም ፊት ተቀምጣ ስለ ሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ስትጠየቅ፣ የዓሣ አጥማጁን የሲሞናን ልጅ እንዲህ አድርጋ ዘረገፈችው።

«እሱ? እሱማ ቂጡ ምንጣፍ አያውቅም! የራሱን እርሳስ በልቶ ሲጨርስ የጎረቤቱን ይጀምራል። ስጠራው አይሰማ፣ ሳልጠራው አቤት ይላል። ኧረ ስንቱን ላውራችሁ!»

ነርሷ ቱሲፔፓ እየሳቀች ለሐኪሟ ተረጎመችላት። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ቀስ ብላ የተናገረችውን ቱሲፔፓ መልሳ ለኤሴታ ነገረቻት።

«እንዲህ ያሉ ልጆች ባለጌ አይደሉም ትላለች። ሐሳባቸው ነው አልሰበሰብ የሚላቸው፤ ገላቸው ነው አላርፍ የሚላቸው። ከታወቀላቸው እርዳታ ያገኛሉ። ካልታወቀላቸው ግን ዕድሜያቸውን በቁጣና በዱላ ይጨርሳሉ ነው የምትለው።»

ኤሴታ ራሷን ነቀነቀች። እውነት ነው፣ የሲሞና ልጅ ይታይ፤ ምን ከፋ! ደግ ሴት ናት እኮ ኤሴታ፤ ለሰው ልጅ ክፉ አትመኝም።

ቀጥሎ የተጠራው ስም የፉአቲኖ ነበር፤ የገዛ ወንድሟ ልጅ።

ፉአቲኖን በመንደሩ የማያውቃት የለም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጓሮ በጋለ ድንጋይ ላይ የዳቦ ፍሬ የሚባለው የዛፍ ፍሬ ሲጋገር፣ በቅጠል ተከድኖ እስኪበስል ድረስ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ እሷ ግን ዘወር ካሉላት ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ ታያለች። በእሷ ምክንያት ያ ቤተሰብ ጥሬ ሲበላ ነው የኖረው። ውኃ ቅጂ ተብላ ስትላክ ባልዲውን መንገድ ላይ ጥላ ከሸርጣን ጋር ትሯሯጣለች። አባቷ ላውፊሊ ጨንቆት፣ ሐኪሟ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት እህቱ ዘንድ ሄዶ ነበር።

«እትዬ፣» አላት አንገቱን ደፍቶ። «እኔን ሲጠይቁኝ እህቴ ናት የምታውቃት እላቸዋለሁ። አንቺ ያልሽው ነው የሚያዘው። እባክሽ አንዳች ነገር አትደብቂ። የዚች ልጅ ነገር ግራ ገብቶኛል። በሽታም ከሆነ ልወቀው፣ ጥጋብም ከሆነ ልወቀው።»

«በሽታ ቢሆን ምን ልታደርግ ነው?»

«እሸከማታለኋ! ልጄ አይደለችም እንዴ?»

«ጥጋብ ቢሆንስ?»

 ነፍሱን ይማረውና አባታቸው ጥጋብን እንዴት ያበርድ እንደነበር ሁለቱም አይረሱትም። ኤሴታ ሁሉንም እናገራለሁ ብላ ቃል ገባችለት።

ቃልማ ገባች። ግን ቱሲፔፓ የጎረቤት መንደር ልጅ ናት፤ እናቷ ደግሞ፣ እግዜር ይይላት፣ የሰማችውን ሳታዛምት ውሎ አያድርባትም። ላውፊሊ በዘር የሚወረሰውን የመንደር አለቅነት ማዕረግ ካገኘ ገና ሁለት ወሩ ነው። ኤሴታ የነርሷን ፈገግታ ስታይ፣ «የአዲሱ አለቃ ልጅ ጭንቅላቷ ልክ አይደለም አሉ» የሚለው ወሬ ከወዲሁ በጆሮዋ አቃጨለ። 

«ተራዋን ትጠብቃለች?» አለች ቱሲፔፓ።

«ምን ጊዜም።»

«የጀመረችውን ትጨርሳለች?»

«አሳምራ!»

«አርፋ ትቀመጣለች?»

«የአለቃ ልጅ አይደለችም እንዴ!»

ይህን ብላ አፏን ሳትዘጋ ፉአቲኖ ከየት መጣች ሳትባል በረንዳው ላይ ዘላ ወጣች። የሐኪሟን እስክሪብቶ አነሳች፣ ጠቅ ጠቅ አደረገችው፣ «ሻርክ አይተሽ ታውቂያለሽ? ፀጉርሽ ለምን ቀይ ሆነ? ስምሽ ማነው?» አለችና መልሱን ሳትሰማ እስክሪብቶውን ይዛ ተፈተለከች። ሐኪሟ ዞር ብላ ኤሴታን አየቻት።

«እንግዳ ስለምትወድ ነው፣» አለች ኤሴታ። ፊቷ ግን እሳት መስሏል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

ላውፊሊ ከጎደሬ እርሻው ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«ምን አሉ?»

«ጤነኛ ናት አሉ።»

«አሉ» ስትል እዩልኝ! እነሱ የሰሙት ከማን አፍ ሆነና? ላውፊሊ «ተመስገን» አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን ፊቱ ተለወጠ። «እንግዲያው ጥጋብ ነዋ፣» አለ። ኤሴታ ያኔ አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ገጠመችው። ለውሸቱ በነርሷ ብታሳብብ ለዝምታው በማን ታሳብባለች?

የልጆች እሑድ ደረሰ። የዚያን ቀን ልጆች ነጭ ለብሰው በጉባኤ ፊት አንድ በአንድ እየወጡ ጥቅስ በቃላቸው ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ከአዋቂ ቀድመው ማዕድ የሚቀርቡት እነሱ ናቸው፣ አዋቂው ቆሞ ያበላል። ጥቅሱ የጠፋበት ልጅ ካለ ግን ሐፍረቱ የልጁ ብቻ አይደለም፤ እስከ ቅድመ አያቱ ድረስ ይወርዳል። ፉአቲኖ ጥቅሷን አክስቷ አስጠንታት ዛፍ ላይ ሆና እንኳ ሳትሳሳት ትለው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትቆም የመጀመሪያውን መስመር በሚያምር ድምፅ አለችው። ሁለተኛውን ስትጀምር ጣሪያው ላይ እንሽላሊት አየች።

«አክስቴ! አክስቴ! እይው፣ ጭራ የለውም!»

ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። የጎረቤት መንደር እንግዶችም ሳቁ፤ የቱሲፔፓ እናትማ እንባዋን ጠረገች። በአለቆች መካከል የተቀመጠው ላውፊሊ ብቻ ፊቱ ከሰል መሰለ።

ለምሳ ልጆቹ ተደርድረው ሲቀመጡ የፉአቲኖ ቦታ ባዶ ነበር። የእኛ ቤቶች ግድግዳ የላቸውም፤ የሚደረገውን ሁሉ ሰው ያያል። ኤሴታ የአሳማ ሥጋ ሳህን በእጇ እንደያዘች፣ ወንድሟ በጓሮ ምሰሶ ሥር ልጅቷን አንበርክኮ መቀሱን ሲያነሳ አየችው። አባታቸውም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ያ እስከ ወገብ የሚወርድ ፀጉር ጉንጉኑ ሳይፈታ መሬት ወደቀ። ከዚያ በምላጭ ላጫት። ልጅቷ አንዴ ብቻ «አባዬ፣ ረሳሁት እንጂ አውቀዋለሁ!» ብላ ጮኸች።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ተው፣ ዋሽቼህ ነው» ብትል መቀሱ ከእጁ ይወድቅ ነበር። ኤሴታ ግን እንግዶቹን አየች፣ ሳህኑን አየች፣ ከዚያም ሥጋውን ለልጆቹ ማደል ጀመረች። አዎ፣ አደለች። 

ከእሑዱ በኋላ ትምህርት ሲቀጥል ፉአቲኖ ራሷን በፎጣ ሸፍና መጣች። ተቀመጠች። አልተነሳችም፣ አላወራችም፣ ወደ መስኮቱም ዞር አላለች። ሌሎቹ መምህራን እያለፉ «በስመ አብ! ተሻላት እኮ!» አሉ። ኤሴታ ስትመኘው የኖረችው ጸጥታ ይኸው መጣላት። በእረፍት ሰዓት አጠገቧ ሄዳ ብትጎነበስ ልጅቷ ቀና ሳትል አንሾካሾከች።

«አክስቴ፣ ሐኪሟ ጤነኛ ነሽ ካለችኝ፣ እኔ ለምንድነው እንዲህ የምሆነው? ክፉ ስለሆንኩ ነው አይደል?»

ኤሴታ እንደ ደህና ሰው ቆማ እስከ ደወል አስተማረች፤ ምን እንዳስተማረች ግን እሷም አታውቅ። ከዚያ ቀጥታ ወንድሟ ቤት ሄዳ፣ አሮጊቷ እናታቸው ላጊማይና ባለችበት፣ ሁሉንም ተናገረች። ስልኳን አውጥታም በፊታቸው ለቱሲፔፓ ደወለች።

«ስለ ወንድሜ ልጅ የነገርኩሽ ሁሉ ውሸት ነው፣» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ተራ አትጠብቅም። የጀመረችውን አትጨርስም። አርፋ አትቀመጥም። አፍሬ ነው የዋሸሁት።»

 «ሐኪሟ ወደ አገሯ ከመሄዷ በፊት ሐሙስ ሆስፒታል ናት፣» አለች ቱሲፔፓ። «አምጧት፣ ቲቸር። እኔ አናግራታለሁ።» ሳቅ ያለበት ድምፅ አልነበረም፤ ኤሴታ ይህንንም አልጠበቀችም ነበር።

 በእኛ ዘንድ ወንድም እህቱን ክፉ ቃል አይናገርም፤ ነውር ነው። ላውፊሊ የገዛ እጆቹን ብቻ ገልብጦ ገልብጦ አያቸውና ወደ እርሻው ሄደ። ቢሰድባት በተሻላት።

በማግስቱ ማለዳ ኤሴታ ከእናቷ ሣጥን ቀይ ላባ በጠርዙ ላይ የተሰፋበትን፣ ከአያት የወረደውን ስስ ምንጣፍ ስታወጣ አሮጊቷ ጮኸች። የሰው ደም ያፈሰሰ ሰው ነው እንዲህ ያለ ምንጣፍ ተከናንቦ ተበዳዩ ደጅ ፀሐይ ላይ የሚቀመጠው፤ ይቅር ካሉት ተበዳዮቹ መጥተው ያነሱለታል፣ ካላሉት እዚያው ይመሻል። ቶሎ አይነሳለትም፤ ማስጠበቁም የቅጣቱ አካል ነው።

«ለሕፃን ልጅ? አንቺ፣ አብደሻል? ፀጉር እንደሁ ይበቅላል!»

«ለፀጉሩ አይደለም፣ እማዬ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«እስከ ዛሬ እሱን ስል አይደል እዚህ የደረስኩት!»

ወንድሟ ደጅ ጠጠሩ ላይ ተንበርክካ ምንጣፉን ራሷ ላይ ደፋችው። ከሥሩ ጨለማ ነው፣ ያፍናል። የመንገደኛ እግር ሲቆም ሰማች። «ማን ናት?» አለ የሲሞና ድምፅ። «ቲቸር ናት፣» አለው አንዱ፤ ሌላው ሳቀ። ይሳቁ። እስኪመሽ ልትቀመጥ ቆርጣለች፤ እንዲያውም እንዲመሽባት ትፈልጋለች። ላውፊሊ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እያያት እንደሆነ ታውቃለች።

ገና ጉልበቷ እንኳ ሳይደነዝዝ የሚሮጥ እግር ጠጠሩን ሲያንኮሻኩሽ ሰማች።

«ፉአቲኖ!» አለች አያቷ። «ተመለሽ! ገና ነው እኮ! አንቺ ልጅ፣ ገና ነው!»

የምንጣፉ ጠርዝ ገለጥ አለ። ፎጣው የወደቀበት የተላጨ ትንሽ ራስ ብቅ አለ።

«አክስቴ፣ አልሞቀሽም እንዴ?»

ኤሴታ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት። «ክፉ አይደለሽም፣» አለች በመጨረሻ። «ሐኪሟ ምንም አላለችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ክፉዋ እኔ ነኝ።»

«እሺ፣» አለች ፉአቲኖ። ቀድሞውኑ ላባውን እየነካካች ነበር። «ይቺን አንዷን ብቻ ልንቀላት?»

«ኧረ ምንጣፌን!» አለች ላጊማይና።

ላውፊሊ ከቤት ወርዶ መጣ። ቁጭ ብሎ የምንጣፉን ሌላ ጫፍ ያዘና ከእህቱ ትከሻ ላይ አነሳው።

«ሐሙስ ስንት ሰዓት እንነሳ?» አላት።

«በጠዋት፣» አለች ኤሴታ። ቀና ብላ ግን አላየችውም፤ አልቻለችም።