የኢዋኦ ሞድ

ካንጋዋ ኢዋኦ የኩሮሳዋን ተራራ አርባ ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። አንድ ተሳፋሪ እንኳ ከወንበሩ አንሸራቶ አያውቅም ይባልለት ነበር። ሚስቱ ካረፈች በኋላ፣ በሰባ አንድ ዓመቱ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት ቀይ የስፖርት መኪና ገዝቶ በሩ ላይ ሲያቆም ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። ልጁ ቺናትሱም ሳቀች። ሳቋ የጠፋው በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከተራራው ማዶ ካለው ፍል ውኃ ሊታጠቡ አብራው የተሳፈረች ዕለት ነው።

ገና ሞተሩ ሲነሳ የጭስ ማውጫው ማርሚታ አገሩን አናወጠው።

«አባባ፣ ሰፈሩን ልትቀሰቅስ ነው እንዴ?»

«ይነሳ! ሁለት ሰዓት አልፏል።»

መሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ሲጫን ስክሪኑ ላይ «ኢዋኦ» የሚል ጽሑፍ ብልጭ አለ። መኪናዋ ለባለቤቷ እንደሚመቸው የምትስተካከል ናት፤ የሞተሩ ጉልበት፣ የሞላው ጥንካሬ፣ የመሪው ክብደት፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቁጥር ሳይቀር። ኢዋኦ የራሱን ሞድ አስተካክሎ በስሙ አስቀምጦታል።

«ጭራሽ ስምህን ጻፍክባት?»

«አርባ ዓመት የኩባንያውን ስም ይዤ ዞሬያለሁ። አሁን ተራው የኔ ነው።»

ሞላው ከመድረቁ የተነሳ እያንዳንዱ ጠጠር አከርካሪዋ ድረስ ይሰማታል። ሽማግሌው ጎረምሳ ሆነ ማለት ነው ብላ በሆዷ ታዘበችው። ስክሪኑን ብታየው የፍጥነት ቆጣሪ የለ፣ ካርታ የለ፣ የነዳጅ ምልክት የለ። ማርሹ ስንት ላይ እንዳለ የሚነግር መዳፍ የሚያህል ነጭ ቁጥር ብቻ ጥቁሩ ላይ ተገትሯል።

«ፍጥነቱ የታለ?»

«እሱን በጆሮዬ ነው የማየው» አላት። ቀልድ መሰላት።

መንገዱ ስልሳ ሁለት ኩርባ አለው። በየኩርባው ተራ ቁጥሩ የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል። ሽቅቡን በሰላም ወጡት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጭጋግ ተቀበላቸው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ በረገፈ እርጥብ ቅጠል ተሸፍኗል። ከፊት አንድ የጭነት መኪና መጣ። ኢዋኦ ወደ ግራ፣ ወደ ራሱ መስመር የያዘው መኪናው ሲታይ አልነበረም፤ ጥሩምባው ሲጮህ ነው። ቺናትሱ የበሩን እጀታ ጨበጠች።

«አባባ፣ እባክህ ወደ ተራው ሞድ መልሰው። ጀርባዬን ገደለኝ።»

«አይሆንም!» አለ ቶሎ ብሎ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበር። አባቷ ሲፈራ ሰምታ ስለማታውቅ ከጭጋጉ ይልቅ ይሄ አስደነገጣት።

ከሚቀጥለው ኩርባ በኋላ አዲስ የተተከለ ትልቅ ቢጫ ሰሌዳ ብቅ አለ።

«መነጽሬን ረሳሁ» አለች፤ ዋሽታ ነው። «ያ ቢጫው ሰሌዳ ምን ይላል?»

«እሱ? የዝንጀሮ ማቋረጫ ነው። ድሮም እዚያው ነው ያለው።»

ሰሌዳው ላይ የተጻፈው፣ መንገድ ስለሚሠራ ከሦስት መቶ ሜትር በኋላ አንድ መስመር ብቻ ክፍት ነው የሚል ነበር።

ቺናትሱ ብትጮህ ደንግጦ መሪውን ሊያዞረው ይችላል። በግራ በኩል ከአጭሯ የብረት አጥር ወዲያ ገደል ነው። ለሕፃን የምታወራ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባባ፣ አቅለሸለሸኝ። ማርሹን ሁለት አድርግልኝ።»

«ሃያ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ አለ፤ እዚያ...»

«አሁን። አሁን ቀንስልኝ።»

ቀነሰ። ሞተሩ አጓራ። ወዲያው ጭጋጉን ቀዶ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው መሐል መንገድ ላይ ድቅን አለ።

«ፍሬን ያዝ! ያዝ! ያዝ!»

ጎማዎቹ ቅጠሉ ላይ ተንሸራተቱ። ሰውየው ዘሎ ወደ ዳር ተወረወረ። መኪናዋ ስትቆም ባንዲራው አፍንጫዋ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ሠራተኛው ፊቱ አመድ መስሎ ወደ መስኮቱ መጣ። «አባት፣ አላዩኝም እንዴ?»

ኢዋኦ ድምፁ ወደመጣበት ዞረ። «ይቅርታ፣ ጌታዬ። ጭጋጉ ነው።»

«ጭጋጉስ እሺ፤ ባንዲራው ቀይ አይደለም እንዴ!»

ሰውየው ሲርቅ ቺናትሱ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

ኢዋኦ ሁለት እጁን ከመሪው ሳያነሳ መለሰላት። «መሐሉ ነው የጠፋው። ዳር ዳሩ አለ። ፊትሽን ሳይ የማገኘው ጆሮሽን ነው።»

«ሐኪም አይቶሃል?»

«በጸደይ አየኝ። አትንዳ፣ እየባሰ ይሄዳል አለኝ። ከዚያ እንደወጣሁ ነው ይቺን የገዛኋት። ሳይጨልምብኝ ብዬ።»

ሁሉን ዘረዘረላት። ማርሚታው የሚጮኸው ፍጥነቱን እንዲሰማ ነው። ሞላው የደረቀው ጎማው የመንገዱን ዳር ሲረግጥ መቀመጫው እንዲነግረው ነው። ቁጥሩ የተለቀው በዓይኑ ጠርዝ እንዲይዘው ነው።

ቦታ ተቀያየሩ። ቺናትሱ ነዳጅ ገና ስትነካ መኪናዋ ተፈናጥራ ቆመች። የስክሪኑን ዝርዝር ከፍታ አባቷ ያስተካከለውን ሁሉ አንድ በአንድ መለሰች። ድምፁ ሞተ፤ ሞላው ለዘበ፤ የፍጥነት ቆጣሪው ታየ። በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር፣ ከኋላ መኪና ተደርድሮ ጥሩምባ እየነፋባት፣ ቁልቁለቱን ወረደች።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጠየቀችው። «በሥራ ቀንስ ወዴት ትነዳለህ?»

«ሩቅ አልሄድም። ጠዋት ጠዋት በምታስተምሪበት የሕፃናት ትምህርት ቤት በኩል ዞሬ እመለሳለሁ። እዚያጋ በጣም እጠነቀቃለሁ። የልጆቹን ድምፅ ስሰማ ቀስ እላለሁ።»

ቺናትሱ ዳር ይዛ አቆመች። እዚያ በር ላይ በየጠዋቱ ሠላሳ ሕፃናት የምታሻግረው እሷ ናት። ከመካከላቸው ሂናኖ የምትባል ልጅ አለች፤ ከመጣች ጀምሮ ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ ሁልጊዜም ከሁሉ ኋላ ነው የምትሻገረው።

«ምነው ልጄ? አሁንም አቅለሸለሸሽ?»

«አዎ፣ አባባ» አለች።

ሰኞ አብረው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ኢዋኦ መንጃ ፍቃዱን በሁለት እጁ አስረከበ፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ወጣ። መኪናዋንም በሳምንቱ ገዢ በጭነት መኪና ወሰዳት።

ቺናትሱ ግን ዛሬም መንገዱ ባዶ ሆኖ እያየችው እንኳ ልጆቹን ወዲያው አታሻግርም። መጀመሪያ የሂናኖን እጅ ትይዛለች፤ ከዚያ ቆማ ታዳምጣለች።