የቀትሩ አቧራ

ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ብድግ እስክትል ድረስ በሐሳቧ ሦስት ሰው ገድላ ቀብራለች፤ ጠባይዋ ነው። ደዋይዋ ግን ሁሌም ያችው ራቅ ባለ ከተማ የምትሠራው አንዲት ልጇ ናት።

"እማዬ፣ ከፋብሪካው ጀርባ ያለው ኮረብታ ይታይሻል?"

የልጅቱ ሥራ አቧራ መለካት ነው። ሳተላይት ላይ የተገጠመ መሣሪያ ወደ ምድር የሌዘር ጨረር ይልካል፤ ከአየሩ ብናኝ ነጥሮ የሚመለሰውን ይለካል። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሌላ ቀን ቀትር ላይ፣ ሌላ ቀን አመሻሽ ላይ ስለሚያልፍ፣ የብዙ ቀኑን ገጣጥማ አቧራው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሰክን ታወጣለች። ቀትር ላይ ግን የፀሐዩ ብርሃን መሣሪያውን ያደናግረዋል፤ ስለዚህ የእናቷን ዓይን ማመሳከሪያ አደረገችው።

ኮረብታው ታየ ከተባለ ወሬው ያልቃል፤ "እሺ በቃ፣ ቻው።" አልታየም ከተባለ ጥያቄው ይበዛል፦ ሙሉው ነው ግማሹ? ያስልሻል? መስኮቱን ዘጋሽው? እናትየው ይቺን ደረሰችባት። አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ "ድፍን ብሏል" አለች። ከዚያ ወዲያ ለመደባት።

ዛሬ የልጅቱ ድምፅ ሰልሏል።

"እማዬ፣ የቀትሩ ልኬት ካንቺ ጋር አልገጥም አለኝ። መሣሪያው ነው የተሳሳተው ብዬ የሁለት ዓመት ሥራዬን ነገ ልሰርዘው ነው።"

"ከሥራ ያባርሩሻል?"

"እሱን ተይው። ሐሙስ ዕለት ምንም አልታየሽም?"

"ታይቶኛል።"

"ምኑ?"

"ኮረብታው። ዛፎቹ ሳይቀሩ። ዋሸሁሽ ልጄ። ቶሎ ስለምትዘጊው ነው።"

በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

"ስንቱን ቀን?" አለች ልጅቱ።

አንድ በአንድ አስቆጠረቻት። ሰኞ እውነት፣ ማክሰኞ ውሸት፣ ረቡዕ ግማሽ ውሸት። እናት አንዷንም አልረሳችም። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀ። ተለያይተው መኖር ከጀመሩ ወዲህ ይህን ያህል አውርተው አያውቁም፤ እናት በሆዷ ምነው ባላለቀ አለች።

"ከእንግዲህ ለፋብሪካው ዘበኛ ነው የምደውለው እማዬ። እንዳትቀየሚኝ።"

"ምን ያስቀይመኛል? ዓይኑ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"ብቻውን ነው የሚውለው" አለች እናት፤ "ቶሎ አትዝጊበት።"

"እሺ" አለች ልጅቱ። ዘጋችው።